ለሰሊጥ የሚበቃ ውሸት

«ይቺ ነገር እንዴት ትጣፍጣለች እባካችሁ!» አሉ ጡረተኛው የሒሳብ መምህር፤ ማንኪያቸውንም እንደገና ወደ ጠርሙሱ ሰደዱ።

ጎሚስታው ግድግዳ ተደግፎ፣ ከጎረቤት ከተዋሱት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጦ ማንኪያዋን በዓይኑ ሸኛት። ገባች፤ የተቆላ ሰሊጥ ተሸክማ ወጣች፤ በሻይ ብርጭቋቸው ላይ አለፈችና ከጢማቸው ሥር ጠፋች። ጥቂት ፍሬ ጢማቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ሚስቱን የቀበረ ሰው ቁጭ ብሎ የሰው ጢም ላይ የቀረ ሰሊጥ ይቆጥራል ብሎ የሚያወራ ቢመጣበት፣ እሱ ራሱ፣ ያ በአንድ የጭነት መኪና ጎማ ውስጥ እባብ ከነልጆቿ አገኘሁ ብሎ ሰፈሩን ያሳመነ ሰውዬ፣ «ኧረ ይሄስ በዛ» ይል ነበር።

ይቆጥር ነበር ግን።

ጠርሙሱን ያወጣችው የሚስቱ ታናሽ እህት ነች። ክፋት አስባ አይደለም። ከቀብር እንደተመለሱ ሽርጥ ታጥቃ ማድ ቤት ገባች፤ ገባች ነው፣ አልወጣችም። ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ ዳቦ ትቆርጣለች፣ በመሀል መጋረጃ ጥግ ገብታ ታለቅሳለች፣ ፊቷን በሽርጧ ጠርጋ ተመልሳ ብርጭቆ ታጥባለች። ዛሬ ለዳቦው የሚሆን ነገር ሲያልቅባት ቁም ሣጥኑን ከፈተች። ላይኛው መደርደሪያ ላይ አፈ ሰፊ ጠርሙስ፣ እስከ አንገቱ የተቆላ ሰሊጥ ሞልቶት አገኘች። «ተመስገን» ብላ ከማሩ ጋር ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ ወዲህ እንግዳው ዳቦውን ማር ይቀባል፣ ሰሊጥ ይነሰንሳል፣ «ደግ ነበረች» ይላል፣ ይጎርሳል። ጠርሙሱ እስከ አንገቱ ነበር፤ ደረቱ ላይ ወረደ፤ አሁን ወገቡ ላይ ነው።

ያንን ሰሊጥ ሚስቱ ነበረች የቆላችው፤ ነገ እንደምትሞት ሳታውቅ፣ ዋዜማውን። ከእጇ የወጣ የመጨረሻው ነገር እሱ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ መጋረጃ ስትሰፋ ኖረች፤ መጋረጃዎቿ ግን የሰው ቤት ነው ያሉት፤ ለገዛ ቤቷ የተረፋት ቁርጥራጭ ብቻ ነው። አንዱ መስኮት አበባ፣ አንዱ መስኮት መርከብ፣ የመኝታ ቤቱ ደግሞ ግማሹ አበባ ግማሹ መርከብ። የለበሰቻቸውን ልብሶች እህቷ ባዘነ እጇ አጥባ አስጥታቸዋለች፤ አሁን የሚሸቱት ሳሙና ነው። ትራሷም እንዲሁ። የቀረው ይሄ ነው፤ ክንዷ ያማሰለው፣ ዓይኗ «በቃ» ያለው፣ አፏ ለጨው ቀምሶ ያሳለፈው።

«ብላ እንጂ ጋሼ» አለች እህቷ፣ ዳቦ በሳህን አቅርባ። «ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስክም።»

«ጠግቤያለሁ።»

«በምን?»

«በማየት።»

መምህሩ ሳቅ ብለው ጢማቸውን ጠረጉ። «ይሄ ሰው በሐዘንም ቀልዱን አይተው» አሉ፤ ማንኪያቸውን አነሡ።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ይል ነበር? «ይቅርታ፣ ይቺ የሚስቴ ናት፣ ተዉልኝ» ይላል፤ ያበቃል። ማንም አይቀየምም፤ ሁሉም አንገቱን ይደፋል፣ ጠርሙሱም መደርደሪያው ላይ ይመለሳል። ጎሚስታውም ሊል አፉን ከፈተ። ግን የጎሚስታው አፍ ቀጥ ያለ መንገድ አያውቅም። ሲወለድ ጀምሮ ጠማማውን ለምዷል። እውነቱ ጉሮሮው ድረስ መጣ፤ እዚያ ሲደርስ እንባ ይዞ እንደመጣ ታወቀው፤ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንዳይፈስበት ዋጠው። በምትኩ የወጣው ይሄ ነበር፦

«ያንን ጠርሙስ ማነው ያወጣው? የአይጥ መርዝ አለበት እኮ።»

የመምህሩ ማንኪያ አየር ላይ ቆመች።

ቀጥሎ የሆነውን ለማውራት አንድ አፍ አይበቃም። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት «ወተት! ወተት!» እያለች ደረጃውን በነጠላ ጫማ ወጣች፤ አንደኛው ጫማ ደረጃው ላይ ቀረ። የጎሚስታው ጓደኛ፣ የከባድ መኪና ሹፌሩ፣ የጎረሰውን ዳቦ ይትፋ ይዋጥ ቸግሮት ጉንጩ እንዳበጠ ቀረ።

«ስንት ማንኪያ በላሁ እኔ?» አለ በመጨረሻ ውጦት።

«አንተ ሁለት» አሉ መምህሩ ግንባራቸውን በመሐረብ እየጠረጉ፤ ሞት ፊትም ቢሆን ሒሳባቸውን አይስቱም። «እኔ አምስት። አምስተኛዋ ግማሽ ነበረች።» ሶፋው ላይ ጋደም አሉ። «ለባለቤቴ ንገሩልኝ… የጥርስ ሐኪሙን ቀጠሮ ትሰርዘው።»

«እንዴት መርዝ ከሚበላ ነገር ጋር ይቀመጣል!» አለ አንዱ ከበሩ በኩል።

ጎሚስታው ነገሩ ከእጁ እንዳመለጠ ገባው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ኧረ ተረጋጉ! ለሰው አይሠራም» አለ ተነሥቶ። «ለአይጥም አልሠራ። ሰነፍ መርዝ ነው። አይጦቹ ሲበሉት ከርመው ወፈሩ፤ እንደውም አንዷ ከበላች በኋላ ጭማሪ ፈልጋ በር አንኳኳች።»

ሹፌሩ ዓይኑን አጥብቦ አየው። ጓደኛው ነው፤ የጎሚስታውን ውሸት ከነጎማው ለዓመታት ጭኖ የዞረ ሰው ነው። «ይሄ ሰውዬ…» አለ፤ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ይሄ ሰውዬ ሚስቱን ቀብሮ እንኳ…» መጨረስ አልቻለም። ሳቁ አመለጠው። መምህሩ ከተጋደሙበት ቀና ብለው «ዋሽቶን ነው?» አሉ፤ እሳቸውም ያዛቸው። ቤቱ ሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ቀናት ሙሉ ታፍኖ የከረመ ሳቅ ነበርና ዓይን እያስነባ ወጣ፤ በደረጃው የሚያልፍ ሰው ቢሰማ ገና አሁን አስከሬን የወጣ ይመስለዋል። ጎረቤትየዋ ወተቱን ይዛ ስትደርስ ሁሉም ሆዱን ይዞ ስታገኝ «አልደረስኩላቸውም!» ብላ ጮኸች፤ ሳቁ ባሰ።

ጎሚስታው በዚህ መሀል ጠርሙሱን ፈለገ። ቢስቁም አንዴ የተፈራ ነገር ነውና ከእንግዲህ የሚነካው የለም፤ ወስዶ ይደብቀዋል፤ ያሰበው ይሄንን ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ማሩ አለ። ዳቦው አለ። ጠርሙሱ የለም።

ከመጸዳጃ ቤቱ በኩል ውኃ ሲለቀቅ ሰማ።

ኮሪደሩ ጥበቱ አንድ ሰው ነው የሚያሳልፈው፤ እሱ ግን ግራና ቀኝ እየተላተመ ሄደ። የሚስቱ እህት ማድ ቤት መታጠቢያው ጋ ቆማ ጠርሙሱን በፈላ ውኃና በሳሙና ስታሽ ደረሰ። እጇ ቀልቷል። ጠርሙሱ ከማጥራቱ የተነሣ የመስኮቱ መርከብ በውስጡ ይታያል።

«አይዞህ ጋሼ» አለች ዞር ብላ። «እነሱ ይሳቁ፤ እኔ በመርዝ አልጫወትም። ሁሉንም መጸዳጃ ቤት ደፍቼ ውኃ ለቅቄበታለሁ። አንዲት ፍሬ አላስቀረሁም።»

የበሩን ጉበን ያዘ።

«ምነው? ፊትህ ልክ አይደለም። አንተም በልተህ ነበር እንዴ?»

«አልበላሁም።»

ለሁለተኛ ጊዜ እውነቱ ጉሮሮው ላይ መጣ። አሁንስ ሊለው ነበር፤ አንቺ ልጅ፣ የእህትሽን የመጨረሻ እጅ ነው የደፋሽው፣ ሊላት። እሷ ግን ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ስታየው፣ የሐዘን ሳይሆን የኩራት ነገር ፊቷ ላይ ብቅ አለ።

«ስትኖር እኮ ማድ ቤቷን አታስነካኝም ነበር» አለች። «‹አንቺ ትንሿ፣ ወይ ታቃጥያለሽ ወይ ትሰብሪያለሽ› ነበር የምትለኝ። ዛሬ ሰው ሁሉ ደርቆ ሲቀር ሮጬ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ብታየኝ ምን ትል ነበር?»

ጎሚስታው ጉሮሮው ላይ ያለውን ዋጠ።

«ጎበዝ ትልሽ ነበር» አለ።

ማድ ቤቱ ውስጥ ባለው አጭር ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ እግሯ ሲዝል የምትቀመጥበት ነው። ውሸት ዋጋ እንዳለው የተማረው ገና በዚህ ሰሞን ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

ሚስቱ የሞተች ቀን ሱቁ ውስጥ ነበር፤ እጁ እስከ ክርኑ ዘይት፣ ስልኩን በጆሮውና በትከሻው መሀል ቆልፎ ከጎማ ውስጥ በወጣ ከመነዳሪ ላይ መጣፊያ ይለጥፍ ነበር። አንዲት የማያውቃት ሴት ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ ባለቤትህ እኔ ቤት መጋረጃ ልትሰቅል መጥታ ነበር፣ መሰላሉ ላይ ቆማ ልቤን አለችና ቁጭ አለች፣ አልተነሣችም፣ አለችው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይደነግጣል። እሱ ግን ሳቀ። ለምን ቢባል፣ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ እሱ ራሱ ድምፁን ቀይሮ ለሚስቱ ደውሎ ነበር፤ «ለአንድ ሺህ መስኮት መጋረጃ እፈልጋለሁ፣ ቤቴ ግን መስኮት የለውም» ብሎ ግማሽ ቀን አስጨንቋታል። ስታውቅበት «ቆይ፣ ብድሬን ባልመልስ!» ብላ ነበር። መለሰች ብሎ አሰበ። ጥሩ ተዋናይ አግኝታለች ብሎም አደነቀ።

«እሺ» አላት ሴትዮዋን፣ «የሞተችውን አቅርቢልኝና ላነጋግራት።»

ስልኩን ዘጋው። እንደገና ሲጮህ አላነሣውም። እየሳቀ መጣፊያውን በመዶሻ ደበደበ። ሹፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ሱቁ በር ላይ እስኪቆም ድረስ፣ ሚስቱ በሰው ሳሎን ውስጥ፣ ራሷ የሰፋችው መጋረጃ ለብሳ ተኝታ፣ እሱ እየሳቀ ነበር።

ያቺ ሴትዮ ለቅሶ መጥታ ነበር። እጁን ጨብጣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለችው፤ ዓይን ዓይኑን አየችው። ያንን ዓይን እስከ ዛሬ ሊያወርደው አልቻለም።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሳሳ አለ። መምህሩ ሲሰናበቱ «ለማንኛውም ዛሬ ሐኪም ዘንድ ብቅ እላለሁ፤ ማን ያምንሃል» ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉ። ማድ ቤቱ ውስጥ እሱና የሚስቱ እህት ብቻ ቀሩ። እሷ ቁም ሣጥኑን ከፍታ መደርደሪያ በመደርደሪያ ታገላብጣለች። ጎንበስ አለች፣ በርጩማ ላይ ወጣች፣ ዕቃ ሁሉ አወጣች።

«ምንድነው የምትፈልጊው?»

«የእሷን።»

«ምኗን?»

«ሰሊጧን ነዋ! እሷ ቤት ሰሊጥ ጠፍቶ ያውቃል?» ዞር አለች፤ አፍንጫዋ ቀልቷል። «ያኛውን መጀመሪያ የሷ መስሎኝ ነበር ጋሼ። ቀመስኩት እኮ። አንዷን ማንኪያ ምላሴ ላይ ሳደርጋት እህቴ አጠገቤ የቆመች ነው የመሰለኝ። ምላሴ እንኳ እንዴት ያታልለኛል? ለራሴ ትንሽ ላስቀር፣ ወደ ቤቴ ልወስድ አስቤ ነበር። እንኳንም አልወሰድኩት! የሷስ ታዲያ የታል?»

ጎሚስታው መሬቱን አየ። የወለሉ ንጣፍ መጋጠሚያ ላይ፣ እግሯ ሥር፣ የወደቀ ፍሬ ይኖር እንደሆነ ዓይኑ ራሱ ፈለገ። ልጅቷ እውነቷን ነው የተናገረችው፤ አንዲት ፍሬ አላስቀረችም።

«አልቋል» አላት።

«መቼ?»

«ከመሞቷ በፊት። ጨርሰነው ነበር። ልትቆላ አስባ ነበር።»

«አንዲት ማንኪያ እንኳ?»

«አንዲት ማንኪያ እንኳ።»

በርጩማው ላይ እንደቆመች አለቀሰች። ድምፅ የለውም፤ ሽርጧን አፏ ውስጥ ከትታ ነው። ጎሚስታው በዕድሜው የዋሻቸው ውሸቶች ሁሉ ቢደመሩ ከተራራ ይበልጣሉ፤ እንደዚህ የከበደው ግን የለም፤ የሚያስቅ ምንም የለበትም፣ ደግሞም እስኪሞት ድረስ ብቻውን ሊሸከመው ነው። ሆድ ይፍጀው አለ። ሆዱም ሥራውን ጀመረ።

እሷ ፊቷን ጠርጋ ወረደች። ከታችኛው መሳቢያ አንድ የጨርቅ ከረጢት አወጣች፤ ጥሬ ሰሊጥ ነው፤ ታጥቦ የደረቀ፣ ነጭ። «ይሄውና» አለች። «ልትቆላ ነበር ካልከኝ ይሄንን ነው። እኔ እቆላዋለሁ። አንተ ሁሌ አጠገቧ ነበርክ፤ ስንት ሰዓት ነው የምታቆየው?»

ሌላ ቤት ቢሆን መልሱ ቀላል ነው። ሌላ ቤት ሰሊጥ በደቂቃ ይለካል፤ እነሱ ቤት ግን የሚለካው በውሸት ነው።

የተጋቡ ሰሞን የተጀመረ ነገር ነው። ሚስቱ ሰሊጥ ስትቆላ ዓይኗን ከመጥበሻው አትነቅልም፤ «ሰሊጥ ፊት ካዞሩበት ያኮርፋል» ትላለች። እሱ ደግሞ ዝም ማለት አይችልም። «እንግዲያው ሥራ ልስጥህ» አለችው አንድ ቀን፤ «አንድ ቀደዳ አምጣ፤ ለሰሊጥ የሚበቃ።» ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ። ወሬው ሲጀመር ሰሊጡ ነጭ ነው። ወሬው ሲሞቅ ፍሬው መንጣጣት፣ መዝለል ይጀምራል። ውሸቱ ዓይኑን ሲያፈጥ ሰሊጡ ወርቅ ይመስላል፤ ያኔ እሷ ትስቃለች፤ ስትስቅ እሳቱ ይጠፋል። አጭር ውሸት ካመጣ ሰሊጡ ጥሬ ይወጣል፤ ካስረዘመው ያርራል። አንዴ ስላጠመደው ዓሣ ሲያወራ ዓሣው አላልቅ ብሎ መጥበሻው ጠቁሮ ቀረ፤ «ጥፋቱ የኔ አይደለም፣ የዓሣው ነው» ብላ የተቃጠለውን ለሁለት አካፈለችው፤ በሉት። እየሳቁ፣ ጥርሳቸው ጥቁር ሆኖ።

«ጋሼ? ስንት ሰዓት?»

«እኔ እነግርሻለሁ» አለ። «አንቺ ብቻ አማስይ። ዓይንሽን እንዳታነሺ።»

ቡታጋዙን ለኮሰችና እሳቱን ዝቅ አደረገችው። ሰሊጡን መጥበሻው ላይ አፈሰሰች። የእንጨት ማማሰያውን አነሣች፤ እጇ ላይ ትልቅ መሰለ። ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን በመጋረጃው መርከብ አልፎ ክንዷ ላይ አርፏል። ከኋላ ሲያያት ትከሻዋ የእህቷ ነው።

«አንዴ» ብሎ ጀመረ። «አንዴ የከባድ መኪና ጎማ ስነፋ አምልጦኝ ሄደ።»

«የት?»

«ዓይንሽን አታንሺ አልኩሽ። ቁልቁለቱን ነዋ። እሱ ሲንከባለል እኔ ስከተል። ዳቦ ቤቱን አለፈ። ፀጉር ቤቱን አለፈ፤ ፀጉሩን የሚቆረጠው ሰውዬ በመስታወት ሲያየው ‹የኔን ጎማ ይመስላል› ብሎ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ተከተለን። እንዲህ እያልን አደባባዩ ጋ ደረስን። ቀይ በራ።»

ማማሰያው ይዞራል። አንድ ፍሬ ጣ ብሎ ዘለለ፤ ሌላም ተከተለ።

«ታዲያ ጎማው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቆመ! የዚህ ከተማ ሹፌር ሁሉ የማያከብረውን መብራት ጎማ አከበረ። እኔም ቆምኩ፣ ግማሽ ፀጉሩም ቆመ። አረንጓዴ ሲበራ ቀስ ብሎ፣ እግረኛ አሳልፎ፣ ወደ ቀኝ ታጠፈ።»

ሰሊጡ አሁን ዝናብ ነው፤ ጣ ጣ ጣ ይላል። ቀለሙ ተለወጠ። ጠረኑ መጣ፤ ያ ጠረን ከመጥበሻው ተነሥቶ፣ ቁም ሣጥኑን አልፎ፣ ኮሪደሩን ሞልቶ፣ ቤቱ ባለቤቷ የገባች እስኪመስል ድረስ መጣ። ጎሚስታው መደርደሪያውን ተደገፈ።

«ሲታጠፍ ግን ምልክት አላሳየም። ትራፊክ ፖሊሱ ፊሽካውን ነፋ። ጎማው ዳር ያዘ። ፖሊሱ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ ቀርቦ፣ ሰላምታ ሰጠና ‹መንጃ ፈቃድ!› አለው።»

ቆመ።

ይሄን ወሬ ባወራ ቁጥር ሚስቱ የምትስቅበት ቦታ ይሄ ነበር። አንድም ጊዜ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። «መንጃ ፈቃድ» ሲል መጀመሪያ ትከሻዋ ይስቃል፣ ከዚያ ማማሰያዋን ከፍ ታደርጋለች፣ ከዚያ «ውይ አንተ!» ትላለች።

ማድ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰሊጡ ድምፅ ብቻ ነው።

«እሺ ከዚያስ?» አለች የሚስቱ እህት፤ እንደታዘዘችው ዓይኗን አላነሣችም። «ጎማው ምን አለ?»

ጎሚስታው አፉን ከፈተ። ፈለገ። ያ ለሁሉ ነገር መልስ የማያጣ አፍ ባዶ ሆኖ አገኘው። ጎማው ምን እንዳለ አያውቅም። እስከዚያ ሄዶ አያውቅም፤ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ትስቅ ነበር፤ ወሬውም ሰሊጡም እዚህ ነበር የሚያልቀው። ጎማው በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ከትራፊኩ ፊት ቆሞ፣ የሚለው ጠፍቶት፣ ሳቋን ይጠብቅ ነበር።

«አላውቅም» አላት።

ክንዱን በትከሻዋ አሳልፎ ቡታጋዙን አጠፋው።

«እሳቱ ጠፍቷል» አለ ቆይቶ፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ» አለች። ማማሰሏን ግን አልተወችም።